ደረጃው ላይ ስትቆሚ

እትዬ፣ ፈረቃዬ ደርሶብኝ ሳልቀሰቅስሽ ወጣሁ።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው። ጨው አትጨምሪበት። ሲሊንደሩን መዝጋት እንዳትረሺ።

ሐኪም ቤት እንሂድ ባልኩሽ ቁጥር መልስ አታጪም። ክንድሽን ሲያምሽ ጸጉር ስትተኩሺ ስለዋልሽ ነው፤ መንጋጋሽን ሲያምሽ ጥርስሽ ነው፤ ሲያቅለሸልሽሽ ጨጓራ ነው። ልቡን የሚያመው ወንድ ነው ብለሽ አረፍሽ። ወንድማችን ደረቴን ወጋ አደረገኝ ያለ ቀን ግን በነጠላ ጫማው ታክሲ ውስጥ የከተትሽው አንቺ ነሽ።

ትናንት ከሥራ ስትመለሺ ከላይ ሆኜ አየሁሽ። ደረጃው መሃል ግድግዳውን ተደግፈሽ፣ ነርሷ ጎረቤታችን እስክታልፍ ስልክ ጆሮሽ ላይ አድርገሽ «እሺ፣ እሺ» ትያለሽ።

ስልክሽ ግን ከጠዋት ጀምሮ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ቻርጀሩን ይዤብሽ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ሴት ላይ የልብ ሕመም እንዲህ ተደብቆ ይመጣል ያለችኝ ያቺው ነርስ ናት።

ጎትቼ አልወስድሽ ነገር፣ ታላቄ ነሽ።
ዝም አልል ነገር፣ ፈራሁ።

ስልክሽን ቻርጅ አድርጌልሻለሁ፣ ሞልቷል። ዛሬ ደረጃው ላይ ስትቆሚ የእውነት ደውዪልኝ።