አልቃሿ ያላለቀሰችበት ፊልም

ጓፒ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2018

ውድ ልጄ ሉስ ዳሪ፣

ሰላም ነሽ ወይ? ባልሽስ፣ ያቺ በሰው ወሬ ብቻ የማውቃት፣ ዓይኗን ያላየኋት የልጅ ልጄስ? ስድስት ዓመት ሙሉ መልስ ባትሰጪኝም መጻፌን አልተውኩም፤ ግትርነቱን ከእኔ ነው የወረስሽው። ዛሬ ግን የምሥራች አለኝ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እናትሽ ፊልም ላይ ተውና በፊልም ውድድር ዋናውን ሽልማት ወሰደች! ዓሣ የምትሸጠው፣ ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደው ኤውስታኪያ!

ባለፈው ዓመት ካታሊና የምትባል ፊልም ሠሪ ከካሊ ከተማ መጣች። ባሏን ባሕር የወሰደባትን ሴት ሆና የምትሠራ ስትፈልግ መንደሩ በሙሉ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ከእኔ ወዲያ አልቃሽ ማን አለና!

የመጀመሪያው ቀን "ታንኳዋ ባዶዋን ተመለሰች" ብለው ሲያረዱኝ ሙሾዬን ለቀቅኩት። ደረቴን መታሁ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ጎረቤታችን ቴኦፊላ ተንሰቀሰቀች፤ ካሜራ የያዘው ሰውዬ እንኳ አፍንጫውን ጠረገ። እኔማ በልቤ "ልካቸውን አሳየኋቸው!" አልኩ።

ካታሊና አጠገቤ ቁጢጥ ብላ "እማማ፣ ያምራል፤ ግን አላመንኩዎትም" አትለኝ መሰለሽ!

"ምን አልሽ? እኔ እኮ የዚህን ወንዝ ሬሳ ሁሉ ሠላሳ ዓመት የሸኘሁ ሴት ነኝ! አንቺ ትናንት የተወለድሽ!"

"ለሰው ሲያለቅሱ ነው ያየሁት። ይሄ ግን የራስዎ ባል ነው።"

ስምንት ጊዜ ደገምኩት፤ ስምንቱንም ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። በማግስቱ በእኔ ቦታ ስመ ጥር ተዋናይት ከቦጎታ ልታመጣ ነው ሲባል ሰማሁ። ወይ ውርደት! ቴኦፊላማ፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ "አይ ኤውስታኪያ፣ ሙሾሽንም ዝገት በላው?" ብላ ሳቀችብኝ።

በነጋታው ጠዋት ካታሊና ብቻዋን ወደ ማድ ቤቴ ገባች። "እማማ፣ የእርስዎ ባል የቀረ ዕለት ምን አደረጉ?"

አንቺም የአባትሽ የዘጠኝ ቀን ጸሎት ሲያበቃ ሻንጣሽን ይዘሽ፣ በር ላይ ቆመሽ ይሄንኑ ጠይቀሽኝ ነበር። "ለባዳ ሁሉ ታለቅሻለሽ፣ ለአባቴ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ!" ብለሽ ሄድሽ። አያትሽ ያስተማረችኝ ሕግ ነው፦ አልቃሽ ለራሷ ሟች ሙሾ አታወርድም፤ ካወረደች ለሰው የሚሆን ድምፅ አይቀራትም። ያኔ ይሄን ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ኩራት ያዘኝ፣ ልጄ።

ለካታሊና ግን ነገርኳት፦ "ሾርባ እየሠራሁ ነበር።"

"እሱኑ ይሥሩ" አለችኝ።

ካሜራው ፊት ሠራሁ። ዓሣውን፣ ጥሬ ሙዙን፣ የኮኮናት ወተቱን። ታንኳዋ ባዶዋን ተመለሰች አሉኝ። ማማሰሌን ቀጠልኩ። ሁለት ሳህን አውጥቼ ሁለቱንም ሞላሁ። አንደኛው የአባትሽ የኔፍታሊ ሳህን መሰለኝ። አየት አደረግኩት፣ መልሼ ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩትና ከደንኩት። በቃ፣ ሌላ ምንም አላደረግኩም።

ቀና ስል ቴኦፊላ መጥታ አቀፈችኝ። ከቦጎታ የመጣችው ተዋናይት ለካ በር ላይ ቆማ ታይ ኖሯል፤ እጄን ስማ "እኔ ይሄን አልችለውም" አለችና በመጣችበት ጀልባ ተመለሰች። ይሄን እስክሞት አልረሳውም!

ፊልሙ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲታይ መጀመሪያ "ኧረ ሙሾው የታለ!" እያሉ ያሾፉ ነበር። ሳህኑን ስገለብጥ ግን ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። ከዚያ ጭብጨባው! ሽልማቱን ይዤ ከውድድሩ ስመለስ ደግሞ ከወደቡ ጀምሮ በከበሮና በማሪምባ ተቀበሉኝ፤ ይሄን ሁሉ ገላዬን በትከሻቸው ተሸከሙት። የሽልማቷን ትንሽ ሐውልት ከቅዱስ አንቶኒዮ ሥዕል ጎን አስቀምጫታለሁ፤ እስካሁን አልተቀየመኝም።

ፊልሙ በሚመጣው ቅዳሜ እናንተ ከተማ፣ አንቶፋጋስታ ይታያል ብላኛለች ካታሊና። ሂጂና እዪው። ፊቴን ተዪው፣ እጄን እዪልኝ። አባትሽ የቀረ ዕለት አንቺ ቴኦፊላ ቤት ነበርሽ፤ እኔ ማድ ቤት ድስቱ ላይ አጎንብሼ ብቻዬን ነበርኩ። ያን ዕለትም እንደ ፊልሙ ከሳህኑ መልሼ የገለበጥኩትን ሾርባ በማግስቱ ለአንቺ አቀረብኩልሽ። ቀመስ አድርገሽ "እማዬ፣ ምነው ጨው በዛበት?" ብለሽ ገፋሽው። ትዝ ይልሻል?

ጨው አልጨመርኩበትም ነበር፣ ልጄ።

ባሕሩን የፈጠረ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፣ የልጅሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ።

እናትሽ ኤውስታኪያ