ባትሪ ነው ብሎ ያቀፈው ድንጋይ

ሰኞ፣ ጥር 5

ከባድ የሐዘን ዜና። ወንድም ጋሼ ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እዚያው ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ የአንድ ደንበኛ ግማሽ ጢም እንደላጨ፣ አእምሮውን በድንገት አጥቷል። ቀብር የለም። ለቅሶ መድረስ የፈለገ እኔ ጋ ይምጣ፤ ታናሽ እህቱና ፀጉር ጠራጊው ነኝ።

በሞተር ሳይክል ሰሜን ያለው በረዶ የሠራ ሐይቅ ድረስ ሊሄድ ነው። በዚህ አገር ብርድ! ሦስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር። በረዶ ላይ ድንኳን ተክሎ እያደረ። በብርዱ ወራት ሞተረኞች እዚያ ይሰበሰባሉ አሉ። አምስት ዓመት ሙሉ ሲያልማት የኖራት ጉዞ ናት።

"ማን አብሮህ ይሄዳል?"

"አንቺ።"

"እኔ ምን አጠፋሁ?"

"ከኋላ ሆነሽ ጀርባዬን ታሞቂያለሽ።"

እሺ አልኩ። ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የወደቀ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይመልሳል?

ረቡዕ፣ ጥር 7

ሁለት ሱሪ፣ አራት ሹራብ... ሽንት መሽናት የግማሽ ሰዓት ሥራ ሆኗል። የሄልሜቴ መስታወት ከውስጥ በትንፋሼ በረዶ ሠራ። በየሃምሳ ኪሎ ሜትሩ ወርደን እንዘላለን፣ ደም እንዲዞር። እሱ ሄልሜቱ ውስጥ ይዘፍናል። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ድንኳን ተከልን፣ ጫካ ዳር። ስልክ አይሠራም። ወንድም ጋሼ ባትሪውን ከሞተሩ ፈታ፣ በቀይ ሻርፕ ጠቀለለ፣ መኝታ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። ደንብ ነው አለኝ። ባትሪ በብርድ ውጭ ካደረ ይሞታል፤ አቅፈውት ነው የሚተኙት።

"ሚስት ብታገባ ይቀልህ ነበር" አልኩት። ሳቀ። ጥርሱን ሊቦርሽ ወጣ።

ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ልክ ባትሪውን የምታክል ድንጋይ አለች... እና ምን ላድርግ? ሻርፑ ውስጥ አሁን እሷ ናት። ባትሪውን ከድንኳኑ ጀርባ አኖርኩት። እሱ እንቅልፍ ሲወስደው አስገብቼ እኔ አቅፈዋለሁ። ጠዋት ድንጋይ ታቅፎ ሲነሳ ፊቱን ማየት ነው! ሆዴን ይዤ እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ተኝቷል መሰል... ትንሽ ልጠብቅ።

ሐሙስ፣ ጥር 8

እንቅልፍ ወሰደኝ።

ያው ሐሙስ

እስክሪብቶው ደርቋል፣ በእርሳስ ነው። ሻርፑን ፈታ። ድንጋይዋን አየ። እኔን አየ። ሳቅኩ... ለምን ሳቅኩ?

"ባትሪውስ?"

"ከጀርባ ነው።"

"ውጭ?!"

"ላስገባው ነበር እኮ..."

ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? ጓንቱን አወለቀ፤ የባትሪው ትንሽ ብሎን በጓንት አትያዝም። አሰረ። ቁልፉን አዞረ። ጭጭ። ገፋነው። ጎማው በረዶው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይዞርም። ወደቅን። ገፋን። ወደቅን። ባትሪውን እናሙቅባት ያልናት የጋዝ ምድጃም በብርዱ እምቢ አለች። አንድ መኪና እንኳ አላለፈም። በባዶ እጁ ሲፈታ፣ ሲያስር... መፍቻው ከእጁ ወደቀ። አነሳው። ደግሞ ወደቀ።

"ጣቴ አይሰማኝም" አለ።

የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ጫፋቸው እንደ ሻማ ነጭ። መቀስ የሚይዙት እነዚያው! እኔም እማዬም የምንኖረው በእነዚያ ጣቶች ነው።

እጁን ብብቴ ሥር ከተትኩ። ባትሪውን ሹራቤን ሁሉ ገልጬ ሆዴ ላይ፣ ቆዳዬ ላይ። እንደ ቢላ ይቆርጣል። "አርግዣለሁ" አልኩት፣ ይስቅ እንደሆነ። አልሳቀም። ዛፎቹን ያያል።

እግዜር ሆይ፣ የኔን ጣቶች ውሰድ። አሥሩንም። ደግ ነገር ሠርተው አያውቁም። የሱን ተውለት።

ዓርብ፣ ጥር 9

ትናንት ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ሆዴ ላይ የሞቀውን ባትሪ መልሰን አስረን፣ በአራተኛው ሙከራ፣ ሞተሩ አሳለና ተነሳ። የነዳሁት እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃድ የለኝም። እስከ ማደያው አርባ ኪሎ ሜትር። እሱ ከኋላ "ቀስ! ፍሬን አትንኪ!" ይላል። ያናገረኝ ይኸው ብቻ ነው።

ማደያው አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ ነርሷ ጣቶቹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረች። ጮኸ። ወንድም ጋሼ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም።

"ይድናሉ?"

"አሁን አይታወቅም። ጠቁረው ከቀሩ ይቆረጣሉ።"

አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከነሞተራችን ቤት አደረሰን። ሐይቁን አላየነውም።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ጣቶቹ ውሃ ቋጥረዋል። አያናግረኝም። "እማዬ፣ ጨው እንድታቀብለኝ ንገሪያት።" አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን! ጨው ዕቃው ውስጥ ስኳር ልጨምርበት እጄ ሄደ... ከልማድ። መለስኩት።

ለእማዬ ብርድ ነው አላት። ስለ ድንጋይዋ ትንፍሽ አላለም። ለምን? ቢያጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 18

ጠቆረ። ፋሻውን ስቀይር አየሁት። እሱም አየ። ፊቱን አዞረ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ጥቁሩ ቆዳ ተላጠ! ከሥሩ የሕፃን የመሰለ ሮዝ ጣት ወጣ። የሠፈራችን ነርስ "ላይ ላዩን ነው፣ መቀስህን ያዝ" አለችው። ረፋዱ ላይ ፀጉር ቤቱን ከፈተ። መጀመሪያ የመጣው ያ የግማሽ ጢሙ ሰውዬ ነው፦ "ዛሬስ ሳታብድ ትጨርስልኛለህ?"

ከምሳ በኋላ ጋደም ልል ስል ትራሴ ጭንቅላቴን መታኝ። ቀይ ሻርፕ። ፈታሁት... ያቺው ድንጋይ! ከጫካው፣ በጭነት መኪና፣ እስከ ዛሬ ደብቆ!

ከግድግዳው ወዲያ ወንድም ጋሼ፦ "በደንብ እቀፊያት፣ እንዳይበርዳት!"

በአሥራ ዘጠኝ ቀን የመጀመሪያዋ ቃል። እኔ ግን አልሳቅኩም። አለቀስኩ። እኔ!

"ምን ሆንሽ አንቺ?"

"ጉንፋን ነው።"

"ለከርሞ ባትሪውን ማን ነው የሚያቅፈው?"

"እኔ። ሳልተኛ።"

እንግዲህ ለታሪክ ይመዝገብ፦ አንድ ባትሪ ውጭ አደረ፣ የሁለት ጣት ቆዳ ተላጠ። በቃ። ይህን ያህል ወረቀት የሚያስጨርስ ነገር አልነበረም።