ዘነበች ፓርላማ ስትገባ ቤት የቀረው

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ኦቶና ሰፈር ወጥቼ እሷ ዘንድ ዋልኩ። ወ/ሮ ዘነበች፣ ከወረዳችን መጀመሪያ ፓርላማ የገባችው ሴት፣ የድሮ ጎረቤቴ። የቤ/ክ ሴቶች ቅዳሜ ሊያመሰግኗት ነው። የሕይወት ታሪኳን ጽፌ የማነበው እኔ። ለምን እኔ? መጽሐፍ ላይ አፍጥጣ ትውላለች ብለው። ተማሪ ቤት ያልገባች ባልቴት!

ስለ ሕግ ልጠይቅ ሄጄ ከአፌ የወጣው ሌላ። የት ነበር የምትቀመጪው? ሲርብሽስ? ሳቀች። መጀመሪያ ቀን ማይኩን ሳትከፍት ንግግሯን ጨርሳ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበሩ ሽማግሌ፦ «ልጄ፣ ለራስሽ ነገርሽው።» ደግማ ተነሳች። ሁለተኛው ይሻል ነበር አለች።

ረቡዕ፣ 6

ዝናብ፣ ጭቃ። ሄድኩ። አላስችል አለኝ፣ ደብተሬ።

የአዲስ አበባ ምግብ አልስማማ ብሏት ነበር። ባሏ አቶ ዳና በየጊዜው በአውቶቡስ ዳጣ ይልክላታል፤ ቃሪያውን ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ራሱ በድንጋይ ፈጭቶ። ልጆቹን ያጠበው፣ ያበላው እሱ። «ፓርላማ የገባነው ሁለታችን ነን፤ ወንበሩ ጠቦ ነው እንጂ» አለች።

ያኔ ሲፈጭ አይቼዋለሁ። በእንሰቱ መሀል፣ አጎንብሶ። ቦኖ ውኃ ስንጠብቅ ያየሁትን ለሴቶቹ አወራሁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳይቆይ ሰፈሩ «ሱሪው የሷ፣ ቀሚሱ የሱ» ይል ጀመር። ከዚያ ወዲያ በር ዘግቶ ነበር የሚፈጨው።

ማን እንዳስወራበት ሳያውቅ ሞተ አለች። እኔ አውቃለሁ። አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን አየሁ።

ዓርብ፣ 8

አቶ ማርቆስ፣ የፕሮግራሙ ሰብሳቢ፣ ጽሑፉን መለሰልኝ። በቀይ ሰርዟል። ያሠራችው መንገድ አለ፣ ጤና ጣቢያው አለ። አቶ ዳና የለም። «እትዬ፣ ሟች ይከበር እንጂ። ወንድ ዳጣ ፈጨ ተብሎ በአዳራሽ ይነበባል?» እሺ አልኩ። ልማዴ ነው።

ሄጄ ለወ/ሮ ዘነበች ነገርኳት። ዝናቡ አባርቶ ነበር። «እሱ ከሌለበት እኔም የለሁበትም። አልመጣም በያቸው።»

ዓርብ፣ 11 ሰዓት

ለአቶ ማርቆስ ደወልኩ። የተሰረዘውን አነባለሁ አልኩት። ሌላ አንባቢ አለን አለ። እንግዲያው ከተቀመጥኩበት ተነስቼ እናገራለሁ አልኩ። ስልኩን ቀድሞ የዘጋው እሱ ነው። ከአፌ የወጣው የማን ድምፅ ነበር? ገረመኝ።

ለወ/ሮ ዘነበች መልእክት ላኩላት፦ የሱን አነባለሁ፤ ነገ ተዘጋጅተሽ ጠብቂኝ፣ አብረን እንገባለን። እመጣለሁ ብላለች።

ጽሑፉን እየገለበጥኩ ነው። በሷ ስም ነበር የሚጀምረው። አሁን የአቶ ዳና ይቀድማል። የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ። እስኪጨርሱ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ማንበቤን እቀጥላለሁ።