ፈረሳቸውን ከለቅሶ ያስቀሩት አቶ ቢያድግልኝ አራጌ

የተከበራችሁ ለቅሶ ደራሾች፣ ከወግዲም ከመካነ ሰላምም በእግር የመጣችሁ ደክሟችኋልና ከሣሩ ላይ አረፍ በሉ። ፈረሳቸው ዛሬ ለምን ከለቅሶው እንደቀረ የምትጠይቁ አላችሁ፤ እሱም ጋ እንደርሳለን። እስቲ ተቀመጡና ስሙን።

አቶ ቢያድግልኝ አራጌ ከአባታቸው ከአቶ አራጌ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግሥቴ ይማም በየካቲት ወር 1945 ዓ.ም. ከመካነ ሰላም በላይ ባለው ደጋ ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ሁለት ልጆች አላደጉምና ነው ስማቸው እንዲህ የወጣው። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመው፣ ቀለሙንም እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው ወደ እርሻው ተመለሱ። በ1968 ዓ.ም. ከወይዘሮ ብዙዬ ጋር ትዳር መሥርተው አራት ልጆች ወልደዋል።

በ1971 ዓ.ም. የሆነውን እሳቸው ሳይደብቁ ይናገሩት ነበርና እኛም አንደብቀውም። ዳማ ፈረሳቸውን ለጥምቀት ጉግስ ለማድረስ ወር ሙሉ ገብስ በገብስ አደረጉት። የጠገበ ይቀድማል ብለው ነው፤ ያኔ ሁሉም እንዲያ ነበር የሚያደርገው። በበዓሉ ማግሥት ፈረሱ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ቆሞ ተገኘ። ጅማቱ ደርቆ ነው ተባለ። ጉልበቱን በጋለ ብረት አስተኮሱት፤ እንዲፍታታም በጠጠሩ ቁልቁለት አስሮጡት። ሕመሙ ግን ከሰኮናው ውስጥ ነበር። ዳማው እንደተኛ አልተነሣም። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ ጉግስ ወጥተው አያውቁም።

በ1994 ዓ.ም. ለገበሬዎች በተሰጠ የእንስሳት ጤና ሥልጠና ላይ፣ ገብስ የበዛበት ፈረስ ሰኮናው ከውስጥ እንደሚቆስል፣ በእጅ ሲዳስሱትም እንደሚግል ሰሙ። ሰዉ ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ተቀምጠው ቀሩ። “ያንን ምስኪን በቁስሉ ላይ አስሮጥኩት” ብለው አለቀሱ። ከዚያ ጀምሮ ካራና ሞረድ ይዘው የሰፈሩን ፈረስና በቅሎ ሰኮና ሲከረክሙ ኖሩ። ሰው ሲያመሰግናቸው “ምስጋናው የዳማው ነው” ይሉ ነበር።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ቦራ የሚባለው ድንክ ፈረሳቸው ከጎረቤታቸው ከሙሐመድኑር አውድማ ገብቶ ገብስ እስኪጠግብ በላና ልክ እንደ ዳማው ቆመ። ሙሐመድኑር ደንግጦ፣ “ወላሂ አያ ቢያድግልኝ፣ ይህ ፈረስ ከእንግዲህ አይሆንዎትም፤ ገበያ ያውጡትና ይገላገሉ” ቢላቸው፣ “እግሩ እሳት የሆነ ፈረስ ለማን ላሸክም? አንተስ ትገዛኛለህ?” አሉት።

ጭድ ከመሬቱ ላይ አብዝተው አነጠፉለት፤ ገብሱን ከልክለው ድርቆሽ ብቻ ሰጡት። ከምንጭ ቀዝቃዛ ውኃ በጀሪካን እያመላለሱ ሰኮናውን ሲያበርዱ፣ ወይዘሮ ብዙዬ “አርባ ዘጠኝ ዓመት አብሬህ ስኖር የእኔን እግር አንድ ቀን አላጠብክ! ለካ አራት እግር ቢኖረኝ ኖሯል!” ብለው ቤቱን አሳቁት። ሕመሙ በረድ ሲልለት በየስድስት ሳምንቱ ከሰኮናው ጫፍ ጥቂት ጥቂት ይከረክሙለት ጀመር፤ በአንዴ ብዙ መቁረጥ እንደሚያደማው ያውቃሉ። ደኅናው ሰኮና ከላይ ወርዶ መሬት እስኪነካ ዓመት ይፈጃል። ያን ቀን ለማየት ይጓጉ ነበር።

በግንቦት ወር ግን ኩላሊታቸውን ታመሙ። በመካነ ሰላምም በደሴም ታከሙ። አልጋ ላይ ሲውሉ ሞረዱን ለልጃቸው ለስመኝ ሰጡ። ስመኝ ከርክማ ስትጨርስ ቁራጩን በእፍኟ ይዛላቸው ትገባለች፤ እሳቸው በጣታቸው እየዳሰሱ “ከጫፉ ፈርተሻል። ከሥሩ አለመንካትሽ ግን ደግ አደረግሽ” ይሏታል። ሐሙስ ኅዳር 4 ቀንም አሳየቻቸው።

“ስንት ቀረው?” አሉ።

“አንድ ጣት አይሞላም አባዬ።”

በማግሥቱ ዓርብ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው አረፉ።

በአገራችን ወግ የሟች ፈረስ ዕቃው ተጭኖ ለለቅሶ ይወጣል። እሳቸው ግን፣ “ቦራን እንዳታወጡት። ወደ ሚካኤል የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነው። አንድ ፈረስ በጠጠር አስሮጫለሁ፤ ይበቃኛል” ብለው ተናዝዘዋል። ቤተሰቡ ቃላቸውን ጠብቆ ነውና እንዳትቀየሙት።

ወይዘሮ ብዙዬን፣ አራት ልጆቻቸውንና ዐሥራ አንድ የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ለእንስሳ ለራሩት ለእሳቸው አምላክ ይራራላቸው፤ ጠጠር ከሌለበት ለምለም ስፍራ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። እናንተም አብሽሩ፤ ተጽናኑ።

አንድ ነገር ብቻ እንለምናችሁ። አርባቸው በሚወጣበት ሳምንት የቦራም ስድስት ሳምንት ይሞላል፤ የታመመው ሰኮና የመጨረሻ ቁራጭ ያን ጊዜ ይወድቃል። ለአርባው ስትመጡ ይህን አስታውሱልን፤ ስመኝ ስትከረክም አንዳችሁ ጎንበስ ብላችሁ እግሩን ያዙላት።