ክረምት ሲገባ የሚፈሰው ጆሮ

ሐምሌ 9 ቀን፣ ረፋድ ላይ

ለምሳሳልሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ስልክሽን ያላነሳሁት አኩርፌ አይደለም። ግራ ጆሮዬ መግል መያዝ ከጀመረ ከርሟል፤ ዘንድሮ ደግሞ ጭራሽ አልሰማ አለ። በስልክ «ምን አልሽ?» እያልኩ ከማደርቅሽ ልጻፍላት ብዬ ነው።

ሥራሽን ተይና እኔ ጋ ነይ ያልሽው ደርሶኛል። አልመጣም። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ከበሽተኞች ጆሮ የሚወሰደውን መግል ላብራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ አድርጌ ባክቴሪያውን የማሳድገው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጣሪያ ላይ በሰቀልኩት ጣሳ ዝናቡን እየለካሁ፣ ሳህኑ ላይ ከበቀለው ባክቴሪያ ጎን ስጽፍ ቆየሁ። እኛ ጋ በሚመጡት ላይ፣ እርጥበቱ ሲበረታ አረንጓዴ ቀለም ያለው ባክቴሪያ ይበዛል፤ አቧራው ሲነሳ ቢጫው። የሚታዘዘው የጆሮ ጠብታ ግን ክረምት ከበጋ አንድ ነው፤ አረንጓዴውን ንክች አያደርገውም። ይህንኑ በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ሐኪማችን አይቶ «እትዬ፣ ሜትሮሎጂ ገቡ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ወረቀቱን ግን አላነሳሁም።

ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ዝናቡንና ባክቴሪያውን የምጽፍበትን መዝገብ ሲያገላብጥ በየወሩ ናሙና የሚሰጥ፣ ስምም ካርድም የሌለው በሽተኛ አገኘ። ፊቱ ልውጥ አለ። ውጤቱን ከራሴ ፈጥሬ የሞላሁት መሰለው። መዝገቡን እንድጥል፣ ይቅርታም እንድጽፍ፣ እምቢ ካልኩ ከላብራቶሪው እንደምወጣ ነገረኝ።

ሠራተኛ የራሱን ናሙና መመርመር ክልክል ስለሆነ ነበር የደበቅኩት። ጥፋት ነው፣ አልክድም። መግል ያረጠበውን ጥጥ ከጆሮዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ስም የለሿ በሽተኛ እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አልኩት። «ለሰው ሁሉ የሚያዙትን ጠብታ ሦስት ክረምት አንጠባጥቤዋለሁ። ይቅርታ የምጽፈው ስሜን ስለደበቅኩ ነው፤ መዝገቡን ግን አልጥልም።»

ጎንበስ ብሎ ጥጡን አየው። ቢሆንም ነገሩን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መርቶታል፤ ዓርብ እቀርባለሁ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ፈርቻለሁ፤ አንቺን አልዋሽም። ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ትራሱን በመግል አርጥቦ የሚነሳው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ስለዚህ አላፈገፍግም። ከሥራው ቢያወጡኝ መዝገቤን ታቅፌ ሌላ በር አንኳኳለሁ።

ለእኔ አትጨነቂ፤ ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ፣ ክፉ ሰው በደጅሽ አይለፍ። ዓርብ ኮሚቴው ፊት ስቀመጥ ሰብሳቢውን በቀኜ በኩል ይሁኑልኝ እላቸዋለሁ። የሚፈርዱብኝን፣ ደህናው ጆሮዬም ሳይዘጋ፣ ራሴ ልስማው።

ወደኋላ የማትመለሰው እናትሽ