አጭሯ የኒሯቅን ዳገት ወጣች

ለለምለም አባት፣ ካለህበት ይድረስህ።

ካንተ ተለይተን ሦስት ክረምት አሳለፍን፤ አራተኛው ደግሞ ደመናውን እያሰባሰበ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ነገ እጠግነዋለሁ እያልክ ስንት ዓመት ያስጠበቅኸኝ የሚያፈስ ጣሪያ ተጠግኗል። ለምለም ናት የጠገነችው፤ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባትም። ይህን የምነግርህ ትንሽ እንድታፍር ብዬ ነው።

የምጽፍልህ ደስ ብሎኝ ነው። ግን ከደስታው በፊት የምናዘዘው ጥፋት አለኝ፤ እሱን ሳልናገር ወደ ሌላው አልሄድም።

ሆስፒታል በተኛህባት በመጨረሻዋ ሳምንት ያቺን ትንሽ ቀይ ቆዳ ከሸሚዝህ ኪስ አውጥተህ እጄ ላይ አስቀመጥክ። ለልጅቱ ስጫት አልከኝ። ትንፋሽህ አጥሮ ስለነበር ሌላ አልጨመርክም። እኔም እሺ አልኩህ። ግን አልሰጠኋትም። ከሳጥኔ ውስጥ፣ ከአዲሱ ነጠላዬ ሥር ደብቄ ሦስት ዓመት ሙሉ አስቀመጥኳት።

ክታብ መስላኝ ነው። ምን ልበልህ፣ ዙሪያዋ በጅማት የተሰፋ፣ የጣት ርዝመት ያላት፣ ማንጠልጠያ ክር ያላት ቆዳ ሌላ ምን ትመስላለች? ተጋብተን ገና በሁለተኛው ዓመት ሸሚዝህን ላጥብ ስል አግኝቻት ነበር። አንተ ክታብ ያሰረ ሰው ባየህ ቁጥር የምትስቅ ሰው ነህና በጣም ደነገጥኩ። ምን አስፈርቶት ነው፣ ማን አሰረለት፣ ከእኔስ ለምን ይደብቃል እያልኩ ስብሰለሰል ኖርኩ። ብጠይቅህ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ኩራቴን ታውቀዋለህ፣ ራሱ ይንገረኝ ብዬ ጠበቅኩ። አንተ ደግሞ የሚነገር ነገር እንዳለ አንድም ቀን አልመሰለህም። በመጨረሻም ለልጅቱ ስጫት ስትለኝ፣ የተማረች ልጄ አንገት ላይ የደብተራ ሥራ አላንጠለጥልም ብዬ ወሰንኩ።

አሁን ወደ አጭሯ ልምጣ። መቼም የመኪናህን ወሬ ከእኔ ወሬ አብልጠህ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ጭነህ ያመጣሃት ቀን የሰቆጣ ሰው ሌላው ግማሿ የት ቀረ ብሎ ሲስቅብህ ትዝ ይልሃል? ባለ ሁለት በር፣ ወለሏ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ያረጀች የጣሊያን ሥራ። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ወንድምህ አገር ቤት ወስዶ ከጭድ ሥር ቀብሯት ነበር። ጭዱ ሲነሳ መቀመጫዋን አይጥ በልቶት አገኘነው፤ ሌላው አካሏ ደህና ነበር። ለምለም ኮሌጁን ጨርሳ ስትመጣ በመጀመሪያ የሄደችው ወደ እሷ ነው። እኔን እንኳ የሳመችኝ እጇ ጥቁር ከሆነ በኋላ ነው።

የሞተሩን ራስ፣ እናንተ ቴስታታ የምትሉትን፣ አውርዳ ጠግና መለሰችው። የቫልቮላዎቹን፣ ሞተሩ የሚተነፍስባቸውን በሮች፣ ክፍተት መጽሐፉ እንደሚያዘው አስተካከለች። ሞተሩ ሲነሳ ግን ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚዘንብ ይንኳኳል። ጉልበት የሚባል የለውም፤ ከቤታችን በላይ ያለችውን ትንሽ አቀበት እንኳ ሳይጨርስ ያነጥሰዋል። አንድ መካኒክ መጥቶ ውስጡን አየና ቫልቮላ የሚከፍትና የሚዘጋው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ የዚህች መኪና አይደለም አላት። ከፋብሪካዋ የወጣ ሳይሆን ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ቁጥርም ምልክትም የሌለው ነው። አባትሽ ያገኘውን ከቶበት ነው፣ አውጥተሽ ጣይው፣ የራሷን አስመጪላት አላት። ድሮ ዳገቱን በደንብ ስትወጣ ትዝ ይለኛል ብትለው የልጅ ትዝታ ነው ብሎ ሳቀባት።

ልጅህ ያን ቀን እራት አልበላችም። ነገሩ የብረት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አባቷ የማያውቀውን ነገር ሞተር ውስጥ የሚከት ሰው ነበር ወይስ አልነበረም፣ ያ ነው ያስጨነቃት። እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ያ ዘንግ ተነቅሎ ውዳቂ ብረት ላይ ቢጣል፣ የሠራኸው ሥራ ሁሉ ስህተት ነበር ብለን የፈረምን ያህል መሰለኝ።

ዘንጉን ከመጣሌ በፊት ማንነቱን ልወቅ አለች። አንድ ቀን ስፌዴ ጠፋ። ፈልጌ ፈልጌ አጭሯ ፊት ላይ ታስሮ አገኘሁት። ለምለም ዙሪያውን ቁጥር የተጻፈበት ክብ ወረቀት ለጥፋበት ከሞተሩ ጋር እንዲዞር አድርጋዋለች፤ ቁጥሩን የሚያመለክተው ደግሞ ወስፌዬ ነው። ልቆጣ አፌን ስከፍት ወረቀቱ ከመሐል ትንሽ ያዘነበለ መሆኑን አየሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስፌት የሰፋሁ ሴት መሐሉን የሳተ ክብ አይቼ ማለፍ አልችልም። ፈትቼ አስተካከልኩላት። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሁለታችን ሆነ፤ እሷ ሞተሩን በእጅ ቀስ እያደረገች ታዞራለች፣ ቫልቮላው መከፈት ሲጀምርና ሲዘጋ ወስፌው የቆመበትን ቁጥር እኔ አነብላታለሁ። አንተ ከመኪና ሥር ሆነህ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ስትቆጥር ትዝ አለኝና እኔም ሳላስበው በኽምጣኛ ጀመርኩ። ሳቀችብኝ።

ቁጥሮቹን ይዛ አዲስ አበባ አብረሃቸው ትሠራ ለነበሩት፣ ብረት ለሚቀርጹት የቶርኖ ቤት ሽማግሌ ደወለች። አሁንም በሕይወት አሉ፣ ድምፃቸው ብቻ ነው የደከመው። እንደዚህ ያሉ ዘንጎች የተዘረዘሩበት አሮጌ ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስተው ላኩላት። እያንዳንዱ መስመር ዘንጉ መቼ እንደሚከፍት፣ መቼ እንደሚዘጋና በእሱና በቫልቮላው መካከል ምን ያህል ክፍተት እንደሚፈልግ ይናገራል። የእኛ ቁጥር ከአንዱም ጋር አልገጠመም። ሽማግሌው ክፍተቱን ሳታውቂ የለካሽው ሁሉ ከንቱ ነው አሏት፤ ክፍተቱ በትንሹ ሲዛነፍ መከፈቻውም መዝጊያውም አብሮ ይዛነፋል። አባትሽ አንድ ቁጥር ትቶልሽ ቢሆን ኖሮ አሏት።

ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። ከዚያ ለራሷ ያህል እንዲህ አለች፤ አባዬ ቫልቮላ ሲያስተካክል በብረት አልነበረም የሚለካው፣ ከደረት ኪሱ ቢጫ የመሰለ ስስ ነገር አውጥቶ ነበር ከሥሩ የሚያስገባው።

ያቺ የሸሚዝህ ኪስ ቀይ ቆዳ ትዝ አለችኝ። ያም ሆኖ ወዲያው አልተናገርኩም፤ ክታብ መፍታት ፈራሁ። ሁለት ቀን እንጀራ ሳይጥመኝ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ከሳጥኑ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስፌቱን በምላጭ ፈታችው። ፊደል የለበትም። የመልአክ ሥዕል የለበትም። ሁለት ቁራጭ ብራና ብቻ፣ ጫፋቸው በዘይት የጠቆረ፤ አንዱ ጠርዙ ላይ አንድ ጥርስ፣ ሌላው ሁለት ጥርስ አለው። አንዱ ለማስገቢያው፣ አንዱ ለማስወጫው ቫልቮላ። አባትህ ብራና ፋቂ እንደነበሩ፣ አንተም በልጅነትህ ከጎናቸው ቁጭ ብለህ ፍየል ቆዳ ስትፍቅ እንዳደግህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትዝ አለኝ። እዚህ አገር የመለኪያ ብረት በሌለበት ጊዜ፣ ውፍረቱ ልክ እስኪመጣ ድረስ በገዛ እጅህ ፍቀህ ያወጣኸው ነው። በተጠቀምክበት ቁጥር ፈትተህ ቆዳውን መልሰህ የምትሰፋውም ዘይት እንዳይነካው ነው። ይኸው ነው የፈራሁት ነገር፣ የለምለም አባት። በሆዴ ያማሁህ በዚህ ነው። ይቅር በለኝ።

በብራናዎቹ ክፍተቱን አስተካክላ እንደገና ለካን። ቁጥራችን ከሽማግሌው ወረቀት አንዱ መስመር ላይ ያለ ምንም ልዩነት ተቀመጠ፤ ብራናዎቹን ራሳቸውን ስትለካቸውም እዚያው መስመር ላይ ከተጻፈው ክፍተት ጋር እኩል ወጡ። ለተራራ መንገድ ውድድር ተብሎ የተሠራ ዘንግ ነው። ሲንኳኳ የነበረው ለፋብሪካው ዘንግ በተጻፈው መጽሐፍ ስላስተካከለችው ነው። ሽማግሌው ሲሰሙ ሳቁ። ለዋግ መንገድ ብሎ መርጦ የወሰደው መሆን አለበት አሏት። ለምለም ስልኩን ሰጠችኝና ወጥታ አጭሯ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው።

ባለፈው ሳምንት ኒሯቅ ገበያ ወረድን። አንድ ቀን እወስድሻለሁ ስትለኝ ኖረህ ያልወሰድከኝ ጉዞ ነው፤ ልጅህ ወሰደችኝ። የአበርገሌ ቆላ ሙቀት እንዳለ ነው፣ የመኪናዋ ወለልም እግሬን ሊጠብሰኝ ደርሶ ነበር። ማሽላ ገዛን፣ ፍየል ተከራክረን ሳንገዛ ተመለስን። ሲመለሱ ያለው ዳገት ሲጀምር መስቀሌን ያዝኩ። አጭሯ አላነጠሰችም። ድምፅዋ ወፈር አለና እየጎተተች ወጣች። እህል የጫነ መኪና ስናልፍ ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋልን። እላይ ስንደርስ ለምለም አቁማ ሞተሩን ሳታጠፋ አዳመጠችው፣ አንተ እንደምታደርገው አንገቷን ዘንበል አድርጋ። በጣም ናፈቅኸኝ።

ብራናዎቹን መልሼ ቆዳው ውስጥ ከትቼ በጅማት ሰፋኋቸው። ክሩን አስረዝሜ በለምለም አንገት ላይ ራሴ አሰርኩላት፣ እሷ ኪስ ያለው ልብስ አታዘወትርም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቶቹ አንገቷን አይተው እኔን አዩኝ። የብራና ፋቂው ምራት ልጇን ክታብ አሰረች እያሉ ማማታቸው አይቀርም። አላስረዳኋቸውም፤ እኔ አንተን ስንት ዓመት አምቼህ የለ።

ለልጅቱ ስጫት ብለኸኝ ነበር። ዘግይቼ ሰጥቻታለሁ። ክሩ ባረጀ ቁጥር እኔ እቀይረዋለሁ፣ በቀየርኩት ቁጥርም ስምህን እጠራለሁ።

የለምለም እናት
ከሰቆጣ