ሦስተኛው ሚስማር

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ ለቀድሞ ባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ዝም ብለሽ ቻልሽው? ልጃችን ስትደውልልኝ፣ «እማዬ ሳል ይዟት ነበር፤ አሁን ሳሉ ቆሞ ሐኪሙን ማማት ጀምራለች» ስትለኝ ልቤ መለስ አለ። ሐኪም ካማሽ ድነሻል። እኔ ደህና ነኝ። መነጽሬን አስቀይሬ ሰው መሳይ ሆኛለሁ።

«የቀድሞ» የምትለዋን ቃል ያስገባኋት ወንድምሽን ፈርቼ ነው። ልጽፍልሽ ማሰቤን ብነግረው፣ «ጻፍላት፣ ግን ‹የቀድሞ› ማለት እንዳትረሳ። ነገር በሥርዓቱ ነው» አለኝ። ከእሱ ጋር የተነጋገርኩትም ያው የፈረደበት ወረቀት አዲስ ጣጣ ስላመጣብን ነው። እሱን ልንገርሽ።

መቼም ዕቃችንን ያካፈለን ቀን አይረሳሽም። ሶፋውና ድስቱ ላይ ሳንጨቃጨቅ አልፈን ወረቀቱ ላይ ስንደርስ ላብ ያጠመቀው እሱን ነበር። አንቺ ስለ ብራናዎችሽ፣ እኔ ስለ ብጭቅጫቂዎቼ ስንናገር አዳምጦ አዳምጦ፣ በመጨረሻ ጠረጴዛውን መታና፣ «በእጅ የተጻፈ ሁሉ የእሷ! በማተሚያ የታተመ ሁሉ የእሱ! አበቃ!» አለ። አንቺ ብራናዎችሽን እንደ አራስ ልጅ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ እንደ ልማድሽ ጥጉን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ወጣሽ። እኔ የቲያትር ማስታወቂያዎቼን፣ የማላውቃቸውን ሰዎች የሰርግ መጥሪያ፣ የክብሪትና የሳሙና መጠቅለያዎቼን፣ ባጭሩ አንቺ «የከተማው ጥራጊ» የምትያቸውን ታቅፌ ቀረሁ። ጥሩ ፍርድ ነበር። እንከን የወጣለት አሁን ነው።

ያቺ በእጅ የተጻፈች ትንሿ የመድኃኒት መጽሐፍሽ፣ ቅጠላ ቅጠሉ በኅዳጓ ላይ የተሣለባት፣ ያኔ ለጥገና ጠራዡ ጋ ስለነበረች በክፍፍሉ አልገባችም። ያንቺ ናትና እሱ ሲጨርስ ላንቺ ይሰጥሻል ብዬ ትቻት ነበር። ባለፈው ሳምንት ራሱ ጠራዡ፣ የኛው «አቶ ሙጫ»፣ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የያዙትን ጥለው ይምጡ። የእትዬ መጽሐፍ ጉድ አፍልታለች!»

ሄድኩ። ሱቁ እንደምታውቂው ነው። በመጭመቂያውና በግድግዳው መካከል በጎን ካልሆነ አይታለፍም፤ የተቆራረጠ ቆዳ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ጆሮን ይነካል፤ የዱቄት ሙጫው ማሰሮ አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንግዳ ይቆማል። መጽሐፏን አምጥቶ ፊቴ አኖራት። የኋላ ሽፋኗ ማዕዘን ላይ ቆዳው ተነሥቷል። ሽፋኑ እንጨት ይመስለን አልነበር? አይደለም። ወረቀት በወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ ተጨምቆ የደረቀ ነው። የድሮ ጠራዦች እንጨት ሲያጥራቸው ከማተሚያ ቤት የተረፈ ወረቀት እየለመኑ እንዲህ ያደርጉ ነበር አለኝ።

በተነሣው ማዕዘን ውስጥ አጮልቄ አየሁ። መጀመሪያ የታየኝ የአበባ ሐረግ ነው፤ ከገዛ ፊቴ ይልቅ የማውቀው ሐረግ። ከሥሩ በደማቅ ፊደል፣ «ሦስተኛ ምሽት»። ወንበሩን ስፈልግ ማሰሮው ላይ ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም።

ላንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ግን መናገሩ ራሱ ደስ ይለኛል። በአያቶቻችን ዘመን ከተማችን የመጣው ያ ተዘዋዋሪ የቲያትር ቡድን አንዱን ታሪክ በአምስት ምሽት ከፍሎ ሲያሳይ፣ ለእያንዳንዱ ምሽት በዚሁ ሐረግ ያጌጠ የየራሱን ማስታወቂያ አሳትሞ ነበር። አራቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ አሉ። ለሦስተኛው ሚስማሩን መትቼ ቦታውን ክፍት ትቼ ዕድሜዬን ስጠብቀው ኖርኩ። አንቺም ከሥራ ስትገቢ እየሳቅሽ ቁልፍሽን እሱ ላይ ትሰቅዪ ነበር። «እስኪመጣ ድረስ ሚስማሩ ሥራ ፈት ከሚሆን» እያልሽ።

አቶ ሙጫ ፊቴን አይቶ እጁን አሻሸ። «ጋሼ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ ባሳድረው እንደ ቅቤ ይለቃል። ሽፋኑ ይሞታል፤ እኔ ደግሞ ቁርጥ እሱን የመሰለ አዲስ ሽፋን አለብሳታለሁ። እትዬ አያውቁም» አለኝ። «አንተ፣ እሷን አታውቃትም እንዴ! መጽሐፍ ከመግለጧ በፊት እኮ ታሸተዋለች» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ውሸት ምን ያደርጋል፣ አፌ «አይሆንም» ሲል እጄ ሽፋኑን ጨብጦ አልለቅም ብሎ ነበር።

ቤት ገብቼ ለወንድምሽ ደወልኩ። የእጅ ጽሑፉ የእሷ፣ እሱን የተሸከመው ሽፋን የእኔ ነው፤ አንዱ ሳይሞት ሌላው አይወጣም፤ ፍረድ አልኩት። ሁለቴ አስደገመኝ። ከዚያ፣ «ስማ፣ እኔ አንድ ጊዜ ገብቼ ፀጉሬን ጨርሻለሁ። ሁለታችሁም አፍ አላችሁ፤ ራሳችሁ ተነጋገሩ!» ብሎ ዘጋብኝ። የሚገርመው ነገር ሲዘጋው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረውም።

በማግሥቱ ተመልሼ ሱቁ ሄድኩ። የሄድኩት ቁርጤን ልናገር ነው፤ ግን መጀመሪያ መጽሐፏን ወደ መስኮቱ ወስጄ በአዲሱ መነጽሬ ረጋ ብዬ አየኋት። የማዕዘኑ ቆዳ አልተቀደደም። ቀጭን የአጥንት ቢላ ከሥሩ ገብቶ በትዕግሥት ያነሣው ነው፤ ጽሑፉ እስኪነበብ ድረስ ብቻ፣ ከዚያ አንዲት ፀጉር ታህል አልጨመረም። ተመልሶ እንዳይጣበቅም ስስ ወረቀት በመሐል ገብቶለታል፤ የስሱ ወረቀት ጫፍ ደግሞ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

አቶ ሙጫን፣ «አንተ ነህ ያነሣኸው?» አልኩት። «እኔ በእንዲህ ያለ ሥራ መቼ ታግሼ አውቃለሁ?» አለኝ። «ለመሆኑ ይህችን ሚጢጢ መጽሐፍ ስትጠግን ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ትሠራ ነበር?» ስለው፣ «አትቸኩል ተብዬ ነዋ!» አለና ወዲያው ምላሱን ነከሰ። «በማን?» ብለው ሳል መጣበት። እየሳለ ማሰሮውን ማማሰል ጀመረ። ማሰሮው ባዶ ነበር።

እኔ ሰው የማፋጥጥ ሰው አይደለሁም፤ ተውኩት። አንቺንም ምንም አልጠይቅሽም። በዚህ ከተማ የጥግ አጣጠፍ የማውቅላት አንዲት ሰው ብቻ መሆኗን ጽፌ ልለፍ።

ቁርጤ ይኸውልሽ። ሽፋኑ አይከፈትም። አቶ ሙጫ ቆዳውን መልሶ ይለጥፈዋል፤ ማስታወቂያዬም ቅጠላ ቅጠልሽን አቅፎ እዚያው ውስጥ ይኖራል። ይህን ያህል ዘመን ተጣብቀው ከኖሩ እኛ ምን አግብቶን እንለያቸዋለን? ችግሩ ታዲያ ያው ነው፤ መጽሐፏ አንቺ ዘንድ ከሄደች የእኔም ትሄዳለች፣ እኔ ጋ ከቀረች ያንቺም ትቀራለች። ወንድምሽ በገመድ ቢለካው ለሁለት ቤት አይደርስም።

ከመስኮቱ ራቅ ያለውን መደርደሪያ ባዶ አድርጌዋለሁ። ፀሐይ አይደርስበትም፤ ከግድግዳው በጣት ስፋት ፈቀቅ ብሏል፣ አየር እንዲያገኝ፤ ድሮ እንደነገርሽኝ። የሳሙና መጠቅለያዎቼን ወደ ጓዳ አባርሬያቸዋለሁ፤ አኩርፈዋል። የዚህ ቤት ደግነቱ ደግሞ ደረጃ የለውም፤ ይህን የምጽፈው ስለ ጉልበትሽ ብቻ ነው።

አቶ ሙጫ መጽሐፏን ማን መጥቶ እንደሚወስዳት ቢጠይቀኝ፣ አትቸኩል፣ ሁለቱ ባለቤቶቿ አብረው ይመጡ ይሆናል አልኩት።

ዓይንሽ አይፍዘዝ፤ እጅሽ እንደጸና ይኑር፤ ሳሉም ከሐኪሙ ጋር እዚያው ይቅርልሽ። ግድግዳው እንደነበረ ነው። ሦስተኛው ሚስማር ከእንግዲህ ማስታወቂያ እንደማይሰቀልበት አውቆ፣ ቁልፍ ይጠብቃል።

የልጅሽ አባት